የወረቀቱ ጀርባ

ሙቀቱ የሚነሣው ከደረቷ ነው። አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ ምድጃ የለኮሰ ይመስል ከጡቶቿ መሐል ይጀምርና ወደ አንገቷ ይወጣል፣ ጆሮዎቿን ያግላል፣ ፊቷን ደም ያስመስለዋል። ልቧ እንደ በረገገ ፈረስ ይጋልባል። ከዚያ ሁሉም ነገር ይርቃታል፤ የሰው ድምፅ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላታል፣ ዓይኗ ላይ ጥቁር ጨርቅ ይወርዳል። አንዳንዴ ግድግዳ ይዛ ታልፈዋለች። አንዳንዴ አታልፈውም።

መጀመሪያ የወደቀችው ሥራ ላይ ነው። በአንድ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ አንሶላና የትራስ ልብስ ስትተኩስ አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል። ስትነቃ ወለሉ ላይ ተጋድማለች። አጣቢዋ ጓደኛዋ በእርጥብ ፎጣ ግንባሯን ትጠርግላታለች።

«ተነሺ እንጂ አንቺ ሴት፤ አንሶላውን አቃጥለሽ ልትሞቺብን ነው?» አለች አጣቢዋ። ፎጣውን ግን እንደገና ነክራ ግንባሯ ላይ መለሰችው።

«ፊቴ ምን ይመስላል?»

«ፍም ነዋ። ድስት ቢጣድበት ይፈላል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ እናት አባቷ ያወጡላት ስም ተረሳ፤ በምድር ቤቱ ውስጥ «ፍሜ» ሆና ቀረች።

ምድር ቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ የእንፋሎቱ ሙቀት ነው አለ። ሌላዋ ዕድሜ ነው አለች። ፍሜ ግን ካረጠች ሦስት ዓመት አልፏታል፤ እንፋሎቱ ቢሆን ኖሮ ደግሞ በእረፍት ቀኗ፣ በብርድ፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ ባልመጣባት ነበር። ሁለተኛ ጊዜ የወደቀችው እዚያው አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ቤቷ፣ በልጇ ፊት ወደቀች። ልጅቷ ክንዷን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደቻት።

እዚያ ደሟን አራት ጊዜ ቀዱት። ስኳሯን አዩ፣ ደህና ነው። ልቧን በሽቦ አስረው አዩ፣ ደህና ነው። የአንገቷን ዕጢ ሆርሞን ለኩ፣ እሱም ደህና ነው ተባለ። ደህና ነው በተባለ ቁጥር ፍሜ የባሰ ትጨነቃለች። ደህና የሆነ ሰው መንገድ ላይ አይዘረጋማ። ሐኪሙ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሲያስብ የእስክሪብቶ ክዳን የሚነክስ ሰው ነበር። በመጨረሻ፣ «አንድ ሌላ ሆርሞን አለ፤ በሽንት ነው የሚለካው። የሃያ አራት ሰዓት ሽንት ያጠራቅማሉ» አላትና ወደ ነርሷ መስኮት ላካት።

ነርሷ ሦስት ሊትር የሚይዝ ቡናማ ጄሪካን አወጣች። ከሥሩ ትንሽ ፈሳሽ ነበረበት። «ይሄ እጅዎን እንዳይነካ፤ ያቃጥላል» አለችና ፎርሙን ሳበች። «ሥራ?»

«ተኳሽ ነኝ።»

ነርሷ ቀና አለች። «የምን?»

«የአንሶላ።»

ነርሷ ሳትስቅ ጻፈችው። ቀጥላም አንድ ወረቀት ይዛ፣ «ማንበብ ይችላሉ?» አለቻት።

ፍሜ ወረቀቱን ተቀበለች። አርባ ስምንት ዓመት ስትኖር ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ተጠይቃለች፤ ስንት ጊዜ «መነጽሬን ረስቼ ነው» ብላ አልፋለች። የሌላት መነጽር ስንቱን መንገድ አሻግሯታል። አሁን ግን ልጇ የጎልማሶች ትምህርት ካስመዘገበቻት አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆኗል። የመደብሮችን ስም ታነባለች። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ታነባለች፤ ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ግን ታነባለች።

«እችላለሁ» አለች።

ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ነበር። ወረቀቱን እንደ ምስክር ወረቀት አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

ማታ ሳይሆን፣ ገና ፀሐይ ሳለች፣ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ዘረጋችው። ልጅቷ ከኋላዋ መጥታ አንገቷን አሰገገች።

«ላንብብልሽ፣ እማዬ?»

«አይ። ይሄ የኔ ነው። አንቺ ሻንጣሽን አዘጋጂ።»

ልጅቷ በሌላ ከተማ ኮሌጅ ገብታለች፤ ቅየሳ ልትማር ነው። መሬት የምትለካ ሴት። ፍሜ ይህን በምድር ቤቱ ላልጠየቃትም ሁሉ ትናገራለች። አባትየው ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ልጅቷ ከሄደች ቤቱ ጭር ይላል። የፍሜ ጭንቀት ግን እሱ አልነበረም። ጭንቀቷ ልጅቷ በእሷ ምክንያት እንዳትቀር ነው። ሌሊት የሚያባንናት እሱ ነው፤ ከሙቀቱ ይልቅ እሱ ያቃጥላታል።

ወረቀቱን ለማንበብ ሁለት ቀን ፈጀባት። አምስት ተራ ቁጥሮች አሉት። ጧት ሲነሡ የመጀመሪያውን ሽንት ይድፉ፣ ሰዓቱን ይጻፉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ያጠራቅሙ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት የመጨረሻውን ይጨምሩ። በቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡ። በዕለቱ ያምጡ። ሁሉንም አነበበችው፤ ገባትም። በሩ ላይ በፕላስተር ለጠፈችውና ስትወጣ ስትገባ ታየዋለች።

ጀርባውን አላየችም። ለምን እንዳላየች ለሌላ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። በጎልማሶች ክፍል ወረቀት የሚመጣው ከአንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ባንድ ወገን የተጻፈበት፣ የማይፈለግ ወረቀት። መምህሩ በንጹሑ ወገን ትምህርቱን ያትምበታል። በጀርባው የሰው ማመልከቻ፣ የሰው ደብዳቤ፣ የማያውቁት ሰው ክርክር ይኖራል። መምህሩ መጀመሪያ ቀን የነገራቸው ነገር ቢኖር፣ «ጀርባውን አትዩ፤ የሌላ ሰው ጉዳይ ነው» የሚል ነው። ፍሜ ሥርዓት ታውቃለች። የሰው በር ገርበብ ብሎ ቢያገኙት አይመለከቱም። ለአንድ ዓመት ከአምስት ወር የወረቀት ጀርባ ሲመጣባት ዓይኗን ስትመልስ ኖራለች፤ አሁንማ ለመመለስ እንኳ አታስብም።

ሽንቱን ያጠራቀመችው በእረፍት ቀኗ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ቀን አጣቢዋ ልትጠይቃት መጣች፤ ሰው ሲታመም ባዶ እጅ አይኬድም፣ አንድ ዘለላ ሙዝ ይዛ ነበር።

«ብዪ። ሙዝ የወደቀ ሰው ያነሣል» አለች።

«ከየት ሰማሽ?»

«ከማንም አልሰማሁም። ግን ዝንጀሮ ወድቆ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ፍሜ በዚያን ቀን አራት በላች። በማግስቱም ጄሪካኑን መታጠቢያ ቤት ጥግ አስቀምጣ፣ ሰዓቷን እያየች፣ የቀረውን እየላጠች በላች። በሦስተኛው ቀን ጧት ጄሪካኑን በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ አውቶቡስ ተሳፈረች። አጠገቧ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ «ዘይት ነው፣ እናቴ? ከየት አገኙት?» ብለው ጠየቋት። «ከቤት ነው፣ አባቴ» አለቻቸው።

ውጤቱ በአሥረኛው ቀን መጣ። ሐኪሙ የእስክሪብቶውን ክዳን ነክሶ ብዙ ቆየ።

«በወረቀቱ ያለውን ሁሉ አድርገዋል?»

«አንድም አላጎደልኩም፣ ዶክተር።»

«እንግዲያው ቁጥሩ ከፍ ብሏል። ከገደቡ ከእጥፍ በላይ ነው። ይህን ሆርሞን የሚያመነጭ ትንሽ ዕጢ አንጀት ውስጥ በቅሎ ሊሆን ይችላል። ነው እያልኩ አይደለም። ግን ወደ ትልቁ ሆስፒታል እልክዎታለሁ፤ ምስል ይነሣሉ፣ ምናልባት ቀዶ ጥገናም ሊያስፈልግ ይችላል። የማስተላለፊያ ደብዳቤውን በሳምንቱ መጨረሻ መጥተው ይውሰዱ።»

ከሁሉም «ዕጢ» የሚለው ቃል ብቻ ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። ቤት እንደደረሰች ለልጇ ነገረቻት፤ ልትደብቅ ሞክራ ፊቷ ከዳት። ልጅቷ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። ፍሜ ከጓሮ ልብስ አስጥታ ስትመለስ ሻንጣው አልጋ ላይ ባዶውን አፉን ከፍቷል፤ ልብሶቹ ወደ መደርደሪያቸው ተመልሰዋል፣ አንድ በአንድ፣ ፍሜ ራሷ እንደተኮሰቻቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አልሄድም።»

«ምዝገባው እኮ አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረው።»

«በሚቀጥለው ዓመት ይኖራል። አንቺ ቀዶ ጥገና ስትገቢ እኔ መሬት ስለካ ልቀመጥ?»

«እኔን አጣቢዋ ታስታምመኛለች።»

«አጣቢዋ በሙዝ ታስታምምሻለች» አለች ልጅቷ፤ ግን አልሳቀችም። «ስልክ ቁጥራቸውን ስጪኝ። ራሴ ሐኪሙን ላናግረው።»

ቁጥሩ በሩ ላይ ባለው ወረቀት ግርጌ ነበር። ልጅቷ ፕላስተሩን ላጠችው፤ ወረቀቱ እጇ ላይ ተገለበጠ። ቆማ ቀረች። ዓይኗ ከላይ ወደ ታች ሄደ፣ ተመልሶም ከላይ ጀመረ።

«እማዬ፣ ሙዙን የበላሽው መቼ ነው?»

«የቱን ሙዝ?»

«አጣቢዋ ያመጣችውን።»

ፍሜ ነገረቻት። ልጅቷ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስቀምጣ በጣቷ አሳየቻት። ፍሜ ጎንበስ ብላ አነበበች፤ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ቀስ ብላ። ምርመራው ከመጀመሩ ሦስት ቀን በፊትና በምርመራው ቀን የሚከተሉትን አይመገቡ፦ ሙዝ። አናናስ። ቲማቲም። አቮካዶ። ለውዝ። ቸኮሌት። ውጤቱን ከፍ አድርገው ሊያሳስቱ ይችላሉ።

ሙዝ ከሁሉ በላይ ነበር የተጻፈው።

መጀመሪያ የመጣባት ደስታ ነው። «በይ እንግዲህ፣ ሙዝ ነዋ» አለች። «ዕጢ የለም፣ ምንም የለም። ልብስሽን መልሺ።»

«ሙዙ ቁጥሩን ነው ያበላሸው እንጂ አንቺን አልጣለሽም። ከሙዙ በፊት ሦስት ጊዜ ወድቀሻል።»

ፍሜ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ልጅቷ ለካ መለካቱን ሳትማርም ታውቅበታለች።

«ዕጢው ይኑር አይኑር አሁን ማንም አያውቅም፤ እኔም አንቺም ሐኪሙም» አለች ልጅቷ። «ነገ ሄደሽ ትነግሪያቸዋለሽ፣ እንደገና ይሠራል።»

«ምን ብዬ?»

«ጀርባውን አላነበብኩም ብለሽ።»

ያን ማለት ነው ያቃታት። ነርሷ ስትጠይቃት «እችላለሁ» ያለችበት ድምፅ እስካሁን ጆሮዋ ውስጥ አለ። «አንቺ ደውዪልኝ» አለች።

«እደውላለሁ፣ አይከብደኝም። ከዚያ ግን እዚህ ነው የምቀመጠው። እውነቱን ለሐኪም የማትነግር እናት ጥዬ አልሄድም። ታመሽም ደህና ነኝ ትዪኛለሽ፤ እኔ ደግሞ በስልክ ፊትሽን ማየት አልችልም።»

ነገሩ ይሄ ነበር። ልጅቷ ልትቀር የፈለገችው ዕጢውን ብቻ ፈርታ አልነበረም፤ ደህና ነኝ የሚለውን የእናቷን አፍ ፈርታ ነው።

በማግስቱ ፍሜ አውቶቡስ ላይ ውሸት እያዘጋጀች ሄደች። ወረቀቱ ጠፋብኝ እላለሁ ብላ ወሰነች። መስኮቱ ጋ ስትደርስ ሦስት ሰዎች ከኋላዋ ተሰልፈዋል።

«ሲስተር፣ ያ ወረቀት ጠፍቶብኝ ነበርና…»

«መቼ ነው የጠፋው?»

«ያኔ። እንደሰጡኝ።»

ነርሷ ፋይሉን አወጣች። «ሰዓቱን ጽፈው፣ የመጀመሪያውን ደፍተው፣ የመጨረሻውን ጨምረው ነው ያመጡት። ወረቀቱ ሳይኖር ይሄን ሁሉ እንዴት አወቁ?»

ከኋላ ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ፍሜ ደረቷ ላይ ግለት ሲጀምር ተሰማት፤ በሽታው ይሁን እፍረቱ መለየት አልቻለችም። የመስኮቱን ደፍ ያዘች።

«አልጠፋም» አለች። «ፊቱን አነበብኩት። ጀርባውን አላየሁም። ሙዝ በልቻለሁ።»

«ስንት?»

«ስድስት። ወይም ሰባት።»

ነርሷ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። «ዶክተሩ ማስተላለፊያውን ዛሬ ሊፈርም ነበር እኮ። ስጠይቅዎት አነባለሁ አሉኝ፤ ለምን ወረቀቱን አልገለበጡትም?»

«ጀርባው የኔ አልመሰለኝም።»

ይህ ለነርሷ ሊገባት አልቻለም፤ እንዴትስ ይገባታል። ትንሽ ቢጫ ወረቀት ገነጠለች፣ ጻፈችበት፣ ፋይሉ ላይ ለጠፈችው። ጽሑፉ ወደ ፍሜ ተገልብጦ ነበር። ግን በጎልማሶች ክፍል አንድ መጽሐፍ ለአራት ሰው ነው፤ ፍሜ ቦታዋ ከጠረጴዛው ማዶ ስለሆነ ፊደልን ተዘቅዝቆም ቢሆን ለምዳዋለች። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው።

«ሲስተር» አለች። «ይሄ ልክ አይደለም።»

«የቱ?»

«‹ታካሚዋ ማንበብ አትችልም› ያሉት።»

ከኋላ የተሰለፈው ሰው ጠጋ አለ። ነርሷ ቢጫውን ወረቀት አየች፣ ፍሜን አየች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ቀላ። እስክሪብቶዋን አንሥታ የመጀመሪያውን መስመር ሰረዘችው። ሁለተኛውን ግን ተወችው፤ «መመሪያው በቃል ይነገራት» ይላል። ፍሜም ስለ ሁለተኛው አልተከራከረችም።

«በሉ ያዳምጡ» አለች ነርሷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከዛሬ ጀምሮ ሙዝ የለም…» ሁሉንም ነገረቻት። ሲጨርሱ አዲስ ጄሪካን ሰጠቻት። ማስተላለፊያው ቆመ።

ሁለተኛው ምርመራ ሲሠራ አጣቢዋ ከቲማቲም እስከ ለውዝ ያለውን በቃሏ ይዛ ዘበኛ ሆነች። «ፍሜ፣ ምን እያኘክሽ ነው?» ትላለች ከማጠቢያው ማዶ። «ምራቄን ነው።» «ምራቅ ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ዋጪው።»

እናቷ እውነቱን ራሷ መናገሯን የሰማችው ልጅ ሻንጣዋን መልሳ ሞልታ፣ ጄሪካኑ በተመለሰ በሦስተኛው ቀን ሄደች። ውጤቱ አልመጣም ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ሆና በመስኮት፣ «የሚሉሽን እንዳለ ትነግሪኛለሽ» አለቻት። ፍሜ ራሷን ነቀነቀች። አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ መናኸሪያው ውስጥ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ሲበቃት ተነሥታ ሥራ ገባች። በሳምንቱ ማክሰኞ እንደገና ወደቀች።

ሐሙስ ዕለት ሐኪሙ ጠራት። አዲሱ ቁጥር ከገደቡ በታች ነበር። «ያ የፈራነው ዕጢ መኖሩን የሚያሳይ ነገር የለም» አላት። «ማስተላለፊያውን ቀድደነዋል።»

«እና ምንድን ነው የሚጥለኝ?»

«ገና አላወቅንም። ሰው ሁሉ ከኩላሊቱ በላይ የተፈጥሮ ሁለት ዕጢዎች አሉት፤ የነሱን ሆርሞን በደም እናየዋለን። ግማሽ ሰዓት ተኝተው ነው የሚቀዳው። ከዚያም ካልታየ ሌላ እንፈልጋለን።»

ወጥታ የሐኪም ቤቱ ደረጃ ላይ ቆመችና ለልጇ ደወለች። ስልኩ እየጠራ ሳለ ምን እንደምትል ታውቅ ነበር። ዕጢው የለም ትላለች፤ እውነት ነው። እዚያ ላይ ብታቆም ልጅቷ ደስ ብሏት ትማራለች። ቀሪው ለማን ይጠቅማል?

«እማዬ? ምን አሉ?»

«ቁጥሩ ወርዷል። ዕጢው የለም አሉ።»

ልጅቷ ትንፋሿን ለቀቀች፤ ረጅም ትንፋሽ ነበር። ከኋላዋ የሰዎች ሳቅ ይሰማል። ፍሜ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዞረች።

«ግን ምን እንደሆነ አላወቁም» አለች። «ማክሰኞ ዕለት ወድቄያለሁ። ሌላ ምርመራ አዘዋል።»

ሳቁ ራቀ፤ ልጅቷ ከሰዎቹ ተለይታ ሄዳ መሆን አለበት። «ልምጣ?»

«ትመጪና? ለመውደቅ ረዳት አያስፈልገኝም፤ ብቻዬን ጥሩ አድርጌ እወድቃለሁ።»

«እማዬ።»

«አትምጪ። ሁሉንም ነገርኩሽ አይደል?»

«ነገርሽኝ።»

ያኔ ሙቀቱ ከደረቷ መሐል ተነሣ። ወደ አንገቷ ወጣ። ጆሮዋ ስልኩ ላይ ጋለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን፣ «በይ እንግዲህ፣ ሰው ይፈልገኛል» ብላ በዘጋችው ነበር።

«አሁን እየመጣ ነው» አለች።

«ቁጭ በይ። ደረጃው ላይ ቁጭ በይ። አትዝጊው።»

«አልዘጋሁም።»

ፍሜ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ሰዎች በአጠገቧ ይወጣሉ ይወርዳሉ። ድምፃቸው እየራቀ ሄደ፤ የልጅቷ ትንፋሽ ግን ጆሮዋ ላይ ነበር። ሁለቱም ሙቀቱ ያልፍ እንደሆን፣ አያልፍም እንደሆን ይጠብቁ ጀመር።